የመሪ ላይ መቆጣጠሪያ ቁልፎች ሲበላሹ፦ ከመለወጥ በፊት መለካት

ለመስክ ሥራ የሚሠማራ ተሽከርካሪ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ፣ ውኃው፣ ፍሬኑና ጎማው መታየት እንዳለበት የማያውቅ አሽከርካሪ የለም። በመሪው ላይ የተተከሉት ትንንሽ መጫኛ ቁልፎች ግን ከዚህ የፍተሻ ዝርዝር ውስጥ ሲገቡ አይታይም። የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያው፣ ጣቢያ መፈለጊያው፣ ስልክ ማንሻው ወይም ክሩዝ ኮንትሮል የሚባለው ፍጥነትን በአንድ ልክ መጠበቂያ እንቢ ሲል «መኪናው ይሄድ የለም ወይ? ይቆይ» ይባላል። በተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ላይ የምንሠራ እኛም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ስንል ቆይተናል።

ይህን አስተሳሰብ ያስለወጠን አንድ ፒክአፕ ነው። አሽከርካሪው በመጀመሪያ የድምፅ መጨመሪያው እንደማይሠራ ነገረን፤ ይቆይ አልነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥሩምባው አልፎ አልፎ እንደሚጠፋ፣ በተለይም መሪው ወደ ግራ ሲዞር ዝም እንደሚል አስታወቀ። የተላከበት ጋራዥ ጥሩምባውን ለወጠ፤ ችግሩ ባለመወገዱ ሪሌዩን ለወጠ። ሬዲዮውም ተጠርጥሮ ሌላ ተገዛ። በመጨረሻ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤርባግ ቀይ መብራት በራና አልጠፋ አለ። ጋራዡም መብራቱን በቀላሉ ሊያጠፋልን እንደሚችል ገለጸልን።

ተሽከርካሪውን አቁመን፣ መለኪያ ይዘን ከመጀመሪያው የጀመርነው ያን ጊዜ ነው። የተበላሸው ጥሩምባውም፣ ሪሌዩም፣ ሬዲዮውም አልነበረም። በመሪው ሥር የሚገኝ አንድ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ኬብል ተሰንጥቆ ነበር። ያው ኬብል አደጋ ሲደርስ የአሽከርካሪውን ኤርባግ የሚያስነሣውን መስመርም ይሸከማል። የድምፅ መጨመሪያው መጥፋት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኛ ግን የሬዲዮ ጉዳይ ብቻ አድርገን አይተነው ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ የተማርነውንና የምንከተለውን የአመረማመር ቅደም ተከተል ለአሽከርካሪዎች፣ ለስምሪት ኃላፊዎችና በየአካባቢው ለሚገኙ መካኒኮች እናቀርባለን።

ቁልፎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ብዙ ሰው እያንዳንዱ ቁልፍ የየራሱ ሽቦ ያለው ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ስምንት ቁልፎች ላሉት መሪ ቢያንስ ስምንት ሽቦ ባስፈለገ ነበር። በተግባር ግን በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ ለሬዲዮና ለስልክ ቁልፎች ሦስት ሽቦዎች ይበቃሉ፤ እነዚህም ሁለት የምልክት መስመሮችና አንድ የጋራ ግራውንድ ናቸው።

ይህ የሚቻለው ሬዚስተር በሚባሉ ጥቃቅን ዕቃዎች አማካይነት ነው። ሬዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት በተወሰነ ልክ ይገታል፤ ልኩም በኦም ይነገራል። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን የምልክት መስመሩን የተለያየ የኦም መጠን ባለው መንገድ ከግራውንድ ጋር ያገናኛል። ሬዲዮው ያን መጠን አንብቦ የትኛው ቁልፍ እንደ ተጫነ ይለያል።

በበርካታ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ የሚሠራበትን ልክ ለምሳሌ እንውሰድ። ምንም ቁልፍ ሳይጫን በመጀመሪያው የምልክት መስመርና በግራውንዱ መካከል 100,000 ኦም ያህል ይነበባል። ወደ ፊት ጣቢያ መፈለጊያው ሲጫን ንባቡ ወደ 0 ይወርዳል፤ ወደ ኋላ መፈለጊያው ሲጫን 330 ያህል፣ ድምፅ መጨመሪያው ሲጫን 1,000 ያህል፣ ድምፅ መቀነሻው ሲጫን 3,100 ያህል ይሆናል። ሌሎች አምራቾች ሌላ ልክ ስለሚጠቀሙ የተሽከርካሪውን የጥገና መመሪያ ማየት ይገባል፤ የአሠራሩ መሠረት ግን አንድ ነው።

ሬዲዮው ኦሙን የሚያነበው በቮልቴጅ አማካይነት ነው። ከውስጡ 5 ቮልት በ1,000 ኦም ሬዚስተር በኩል ይልካል ብለን እናስብ። ድምፅ መጨመሪያው ሲጫን በመስመሩ ላይ 2.5 ቮልት ይቀራል። ወደ ኋላ መፈለጊያው ሲጫን 1.24፣ ድምፅ መቀነሻው ሲጫን 3.78፣ ምንም ሳይጫን ደግሞ 4.95 ቮልት ያህል ይሆናል። ሬዲዮው የሚያውቀው እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ነው፤ ጣታችን የት እንዳረፈ አያይም።

ይህን የተረዳ ሰው እንግዳ የሚመስለውን ብልሽት በቀላሉ ይፈታዋል። ለምሳሌ በወደ ኋላ መፈለጊያው መገናኛ ላይ አቧራ ገብቶ ወይም የፈሰሰ ለስላሳ መጠጥ ደርቆ 700 ኦም ያህል ቢጨምር፣ 330 የነበረው 1,030 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለሬዲዮው ድምፅ መጨመሪያ ማለት ነው። ስለዚህ አሽከርካሪው ጣቢያ ሲፈልግ ድምፁ ይጨምራል። አሽከርካሪው ሬዲዮው እንዳበደ ይናገራል፤ ሬዲዮው ግን የደረሰውን ቁጥር በትክክል አንብቧል።

በመሪው ሥር ያለው ኬብል

መሪው ይዞራል፤ የተሽከርካሪው ሽቦ ግን ባለበት ይቆማል። ሁለቱን የሚያገናኘው መካኒኮች ክሎክ ስፕሪንግ ወይም ስፓይራል ኬብል የሚሉት ክፍል ነው። ክብ የፕላስቲክ ቤት ሲሆን በውስጡ ጠፍጣፋና ስስ ኬብል እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ይገኛል። መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ይጠብቃል፤ ወደ ሌላው ሲዞር ይላላል። በአብዛኛው ከመሐል ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ከዞረ ይበጠሳል ወይም ይታጠፋል።

በዚህ ስስ ኬብል ላይ የሬዲዮ ቁልፎቹ፣ የክሩዝ ኮንትሮሉ፣ የጥሩምባውና የኤርባጉ መስመሮች ጎን ለጎን ያልፋሉ። ስንጥቅ ሲጀምር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ላይቆርጥ ይችላል። አንዱ መስመር ቀድሞ ይጠፋል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ። ስለዚህ አንድ የሬዲዮ ቁልፍ መጥፋቱ ብቻውን አደጋ ባይሆንም፣ ጎረቤቱ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ነው።

ኬብሉ በዕድሜ ሊያልቅ ይችላል። ከዕድሜው በፊት የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በጥገና ስሕተት ነው። የመሪው ዘንግ ከታችኛው የመሪ ክፍል ሲለያይ መሪው ካልታሰረ እንደ ልቡ ይዞራል። ጥገናው አልቆ ዘንጉ ሲገጠም ኬብሉ መሐሉን ስቶ ይቀራል፤ ተሽከርካሪው የመጀመሪያውን ሙሉ ዙር ሲዞርም ይበጠሳል። በእኛ ፒክአፕ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር። ከብልሽቱ አስቀድሞ የመሪው ክፍል ተፈትቶ ተጠግኖ ነበርና።

ሳይከፍቱ ምልክቱን ማንበብ

መፍቻ ከማንሣታችን በፊት አሽከርካሪውን እንጠይቃለን። የትኛው ቁልፍ ነው? ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? መሪው ሲዞር ይለወጣል? ከመታጠብ በኋላ ጀመረ ወይስ ከጥገና በኋላ? የሚሰጠው መልስ የምርመራውን ግማሽ መንገድ ያሳጥረዋል። ፊውዞችንም በዚሁ ደረጃ እናያለን፤ ቀላልና ፈጣን ነውና።

ከዚያ በኋላ ምልክቶቹን እንደሚከተለው እንለያቸዋለን።

አንድ ቁልፍ ብቻ ከጠፋ ወይም የሌላውን ሥራ ከሠራ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው በራሱ በቁልፉ መገናኛ ላይ ነው። የጋራ መስመሮቹ ጤነኞች መሆናቸውን ሌሎቹ ቁልፎች ይመሰክራሉ።

አራት ቁልፎች አብረው ጠፍተው ሌሎቹ አራቱ ከሠሩ፣ ከሁለቱ የምልክት መስመሮች አንዱ ተቋርጧል ማለት ነው።

የሬዲዮና የስልክ ቁልፎች ሁሉ ጠፍተው ጥሩምባውና ኤርባጉ ደኅና ከሆኑ፣ የጋራው ግራውንድ ወይም የሬዲዮው ሶኬት ይጠረጠራል።

ሁሉም ቁልፎች ተዛብተው የጎረቤታቸውን ሥራ የሚሠሩ ከሆነ፣ በጋራ መንገዱ ላይ ዝገት ወይም የላላ መገናኛ አለ። አንዱ ብቻ ሲዛባ ጥፋቱ የግሉ ነው፤ ሁሉም ሲዛቡ የጋራ ነው።

ድምፁ በራሱ ከፍ እያለ ከሄደና ሌሎች ቁልፎች ካልታዘዙ፣ ድምፅ መጨመሪያው ተጭኖ ቀርቷል።

ጥሩምባው መሪው ሲዞር የሚጠፋ ከሆነ፣ በተለይም የኤርባግ መብራት አብሮ ከበራ፣ ክሎክ ስፕሪንጉ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ይሆናል። ተሽከርካሪው እስኪመረመር ድረስ ለጉዞ ባይሠማራ ይመረጣል። በዓባይ በረሃ፣ በጣርማ በር ወይም በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ ከፊት የሚመጣው በማይታይበት ጊዜ ጥሩምባ የሚያስፈልገው በትክክል መሪው በሚዞርበት ሰዓት ነው።

መለካት

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ኦምና ቮልት የሚያነብ ተራ መልቲሜትር ነው። የመጀመሪያውን ልኬት የምናደርገው በመሪው ላይ ሳይሆን በሬዲዮው ጀርባ ነው። ምክንያቱም ኤርባጉን ሳንነካ ቁልፎቹን፣ ክሎክ ስፕሪንጉንና ሽቦውን በአንድ ጊዜ መመርመር እንችላለን።

የሬዲዮውን ሶኬት እንነቅላለን። መልቲሜትሩን ወደ ኦም አዙረን አንዱን ጫፍ በምልክት መስመሩ፣ ሌላውን በቁልፎቹ ግራውንድ ላይ እናሳርፋለን። የየትኛው ሽቦ ሥራ ምን እንደ ሆነ ከጥገና መመሪያው ሥዕል ማረጋገጥ ይገባል፤ በግምት ሽቦ መንካት ሌላ ብልሽት ይጨምራል። ረዳታችን ቁልፎቹን በተራ ይጫናል፤ እኛም ንባቡን እንጽፋለን። በቶዮታው ምሳሌ 0፣ 330፣ 1,000 እና 3,100 አካባቢ ከተገኘ፣ ከመሪው እስከ ሬዲዮው ያለው መንገድ በዚያ ሰዓት ጤነኛ ነው።

ይሁን እንጂ ቀጥ ብሎ በቆመ መሪ ላይ የተገኘ ጥሩ ንባብ አይበቃም። የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ በመጀመሪያው እርከን ላይ ይሆናል። ረዳታችን አንዱን ቁልፍ እንደ ተጫነ መሪውን በዝግታ እስከ ቀኝ ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ግራ ጫፍ ያዞራል። ንባቡ በአንድ ቦታ ላይ ከዘለለ ወይም ከጠፋ ኬብሉ ተሰንጥቋል። በፒክአፑ ላይ መሪው ቀጥ ባለበት ጊዜ ትክክለኛውን ንባብ አግኝተን ነበር፤ ወደ ግራ ዙር ስንገባ ግን ቁጥሩ ጠፋ።

ጥሩምባውንም በተመሳሳይ መንገድ በሁለት ከፍለን እንመረምራለን። በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ የመሪው ጥሩምባ ቁልፍ የሚሠራው የሪሌዩን መቆጣጠሪያ መስመር ከግራውንድ ጋር በማገናኘት ነው። በሥዕሉ የተለየውን ያን መስመር በሪሌዩ በኩል ከግራውንድ ጋር ስናገናኝ ጥሩምባው ከጮኸ፣ ጥሩምባው፣ ፊውዙና ሪሌዩ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ወደ መሪው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ይህ የአንድ ደቂቃ ሙከራ አስቀድሞ ቢደረግልን ኖሮ ሁለት መለዋወጫ ባልገዛን ነበር።

መሪው ሲከፈት

ልኬቱ ወደ መሪው ካመለከተ መክፈት ይኖርብናል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። በኤርባጉ ውስጥ የሚቀጣጠል ኬሚካል ስላለ በስሕተት ከተነሣ ከፊቱ ያለውን ሰው ክፉኛ ይጎዳል።

በመጀመሪያ ቁልፉ ይጠፋል፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። የኤርባጉ ክፍል የተጠራቀመ ኃይል ስለሚይዝ ወዲያው አይከፈትም። በቶዮታ ተሽከርካሪዎች ቢያንስ 90 ሰኮንድ መጠበቅ የታዘዘ ሲሆን፣ በሌሎች ላይ መመሪያው የሚለው ጊዜ ይከበራል። የወጣው ኤርባግ ሽፋኑ ወደ ላይ ሆኖ ብቻውን በተስተካከለ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ተደፍቶ አይቀመጥም፤ በላዩም ምንም አይጫንም።

ቢጫ ቀለም ያላቸው ሶኬቶች የኤርባግ መስመር ምልክት ናቸው። ኤርባጉን ራሱን በተራ መልቲሜትር መለካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ መለኪያው የሚልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያስነሣው ይችላልና። የኤርባግ ብልሽት የሚነበበው በኮምፒዩተር መመርመሪያ ነው።

የመቆጣጠሪያ ቁልፎቹ ብቻቸውን ሲወጡ በሶኬታቸው ላይ እንደገና ይለካሉ። በሬዲዮው ጀርባ የተበላሸው ንባብ እዚህም ከተበላሸ ጥፋቱ በቁልፉ ውስጥ ነው። እዚህ ትክክል ከሆነ ግን ጥፋቱ በመካከል፣ በክሎክ ስፕሪንጉ ወይም በሽቦው ላይ ነው። የቆሸሸ መገናኛ በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ወይም በንጹሕ አልኮል በጥንቃቄ ሲጸዳ ብዙ ጊዜ ይድናል። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግን ስሱን ሽፋን ስለሚያጠፋው የባሰ ያደርገዋል።

የተሰነጠቀ ክሎክ ስፕሪንግ አይጠገንም፤ ይለወጣል። በስታኞ መበየድ ወይም በፕላስተር ማሰር ለኤርባግ መስመር የሚታመን መፍትሔ አይደለም። አዲሱ ኬብል መሐሉን እንደ ያዘ በመቆለፊያ ታስሮ ይመጣል፤ የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ካሉ በኋላ ይገጠማል፤ መቆለፊያው የሚነሣውም በዚያን ጊዜ ነው። መሐሉ ከጠፋ በእጅ ቀስ ብሎ እስከ አንዱ ጫፍ አዙሮ፣ መመሪያው የሚያዘውን ያህል ዙር መመለስና ምልክቶቹን ማግጠም ያስፈልጋል። በኃይል ማዞር አይገባም።

ብልሽት የሚመስል፣ ግን ያልሆነ

በቅርብ ዓመታት በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ አንድሮይድ የሚሠራባቸው ባለ ሰፊ ስክሪን ሬዲዮዎች ተገጥመዋል። ከመግጠም በኋላ የመሪው ቁልፎች ከጠፉ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። የምልክት ሽቦዎቹ ከአዲሱ ሬዲዮ የቁልፍ መቀበያ መስመሮች ጋር አልተገናኙም፤ ወይም ሬዲዮው የእያንዳንዱን ቁልፍ ቁጥር እንዲያውቅ አልተደረገም። ሽቦው ከተገናኘ በኋላ በሬዲዮው ማስተካከያ ውስጥ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ማስለመድ ይበቃል።

በሌላ በኩል በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ እየበዙ በመጡት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች፣ እንዲሁም በብዙ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ቁልፎቹ የሚነጋገሩት በኦም አይደለም። በመሪው ውስጥ ያለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የተጫነውን ቁልፍ ሊን በሚባል የመረጃ መስመር በዲጂታል ምልክት ታስተላልፋለች። በዚህ ዓይነቱ ላይ ኦም መለካት ስለማይጠቅም የኮምፒዩተር መመርመሪያው እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ምን እንደሚያሳይ ማየት ያስፈልጋል። ምልክቶቹን በቡድን የመለየቱና ኬብሉን መሪውን እያዞሩ የመፈተኑ ልማድ ግን እዚህም ይሠራል።

ከመነሣት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ከፒክአፑ በኋላ በዕለታዊ የፍተሻ ቅጻችን ላይ ሦስት ነገሮችን ጨምረናል። ሁሉም ተደምረው ከሁለት ደቂቃ አይበልጡም።

አንደኛ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት መብራት አለበት፤ በቶዮታ ላይ ከ6 ሰኮንድ ያህል በኋላ ይጠፋል። ሳይጠፋ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም አንድ ሰው ሆን ብሎ አውጥቶታል፤ ይህም ከመጀመሪያው የከፋ ነው። መብራቱን ማጥፋት ብልሽቱን አያጠፋም። በኤርባጉ ቦታ ሬዚስተር ተክሎ ኮምፒዩተሩን ማታለልም አሽከርካሪው ያለው የሚመስለውን መከላከያ ማሳጣት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለሚያቀርብ ጋራዥ ተሽከርካሪ እንዳይሰጥ ወስነናል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ጥሩምባው መሪው ቀጥ ባለበት፣ ወደ ቀኝ በዞረበትና ወደ ግራ በዞረበት ሦስት ጊዜ ይሞከራል።

ሦስተኛ፣ በመሪው ላይ ያሉት ቁልፎች አንድ አንድ ጊዜ ይጫናሉ። የጠፋ ወይም የተዛባ ካለ ቀኑ፣ የቁልፉ ዓይነትና መሪው የነበረበት ሁኔታ ይጻፋል።

ከዚህም ጋር አሽከርካሪዎች ላቫጆ ሲገቡ ውኃ በመሪው ላይ እንዳይረጭ፣ ይልቁንም በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ እንዲጠረግ ቢያሳስቡ መልካም ነው። ተሽከርካሪው የመሪ ክፍሉ ተፈትቶ ሲመለስም መሪው በጥገናው ወቅት ታስሮ እንደ ነበር መካኒኩን መጠየቅ ይገባል።

የስምሪት ኃላፊዎችን በተለይ የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። አሽከርካሪ ስለ ሬዲዮ ቁልፍ ሲያመለክት «ይቆይ» ከማለት በፊት ሌሎቹ ቁልፎች፣ ጥሩምባውና የኤርባጉ መብራት እንዴት እንደ ሆኑ ይጠይቁት። ሁሉም ደኅና ከሆኑ የሬዲዮው ጥገና ተራውን ሊጠብቅ ይችላል። ከእነርሱ አንዱ ከተጓደለ ግን ተሽከርካሪው በዚያው ቀን ይለካ። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ፒክአፑ አዲስ ኬብል ተገጥሞለት ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ያለ ምክንያት የወጡት ጥሩምባና ሪሌይም ተፈትሸው ደኅና ስለ ተገኙ በመለዋወጫ መጋዘናችን ተቀምጠዋል።